የጉማሬው ትራስ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ሙጫ» ነው የሚሏት። መጽሐፍ ጠራዥ ስለሆነችና ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ስለሚሸቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር አንዴ ከያዘች ስለማትለቅም ጭምር ነው። ይዛ ካልለቀቀቻቸው ነገሮች ሁሉ ግን አሮጌ የካርቱን ፊልሞቿን የሚያህል አልነበረም። ልጆች ዛሬ በስልክ የሚያዩትን ዓይነት ካርቱን ማለቴ አይደለም። እሷ ሳትወለድ በፊት በእጅ እየተሳሉ፣ አንድ በአንድ ቀለም እየተቀቡ የተሠሩ፣ በክብ የቆርቆሮ ዕቃ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ፊልሞች ናቸው። ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ድስት ራሱ ላይ ይደፋበታል፣ እንደገና ይወድቃል። ያው ነው። ግን ሲወድቅ ጥሩምባው አብሮት ይወድቃል፤ በጣቱ ጫፍ ሲሄድ ቫዮሊኑም በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ሙጫ ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከጀመረች ሰውየው ሰዓቱን ማየቱ አይቀርም።

ከሁሉም የምትወደው ጉማሬውንና እንቁራሪቷን ነበር። ጉማሬው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እንቁራሪቷ ደግሞ እሱ የሚጠግነው ቧንቧ ውስጥ ሁሉ ትገኛለች። ጉማሬው ጉድ ሊፈላበት ሲል አንድ አፍታ ቀና ብሎ ተመልካቹን ያያል። «ምን ላድርግ እንግዲህ?» የሚል ፊት ነው። ከዚያ ነው የሚወድቀው። ሙጫ ለዚያች አንድ አፍታ ስትል የቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ሻጮችን ሁሉ አሰልችታለች።

ፍቅሩን ያስያዟት አጎቷ ናቸው። የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ፤ የሙጫ እናትና አባት ከሞቱ በኋላም እሷንና ታናሽ እህቷን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ከዋናው ፊልም በፊት አጭር ካርቱን ይታይ ነበር። አጎት ትልቋን ወደ ማሽን ክፍሉ ይዘዋት ይገባሉ። ትንሿን ግን የሚያቃጥል መብራትና የሚሽከረከር ብረት ያለበት ቦታ አያስገቧትም፤ በሩ ላይ ትኬት ቆራጯ ዘንድ ያስቀምጧታል። ሙጫ በትንሿ መስኮት አጮልቃ፣ የማሽኑ ሙቀት ጉንጯን እየጠበሰው፣ ያየችውን ሁሉ ዛሬም በቃሏ ታውቀዋለች።

ከነዚያ ፊልሞች አንዱ፣ ጉማሬው ሊተኛ ሲል እንቁራሪቷ ትራሱ ውስጥ ገብታ የምታስለቅሰው፣ አጎትን ከወንበር ላይ ያስወድቃቸው ነበር። ፊልሙ የአንድ ክረምት እንግዳ ሆኖ ወደ አከፋፋዩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ያየው የለም። ሙጫ ከአዋቂነቷ ጀምሮ ስትፈልገው ኖራለች። የጉማሬውን ሌሎች ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሰብስባ፣ ከአጎቷ ጋር በምትኖርበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት መደርደሪያ ላይ ደርድራቸዋለች። እሑድ እሑድ መጋረጃውን ትዘጋና ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥራ ለአጎቷ ታሳያቸዋለች። ግን አጎት ከጊዜ ወዲህ አይስቁም። ጉልበታቸው ሲደክም ሳቃቸውም አብሮ የደከመ ይመስል፣ ፊልሙ ሲያልቅ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» ይላሉ። «ጥሩ ነው» ደግሞ ሙጫ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ፀጉሯን ልትሠራ እህቷ ዘንድ ሄደች። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አጎት ከልጅነቷ ጀምሮ «ጫጩት» ይሏታል፤ እሷም «ጋሼ» ትላቸዋለች። ወሬዋ አያልቅም፤ ደንበኞቿ ግማሾቹ ለፀጉራቸው፣ ግማሾቹ ለወሬዋ ነው የሚመጡት። ጫጩት የእህቷን ፀጉር አጥባ «ቢጎዲን አቀብዪኝ እስኪ፣ እትዬ፤ እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ አለ» አለቻት።

ሙጫ እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደችና ደርቃ ቀረች። ክብ ነው፤ ጠርዙ ዝጓል። ክዳኑ ላይ በደበዘዘ ቀለም የተሳለ ጉማሬ ትራስ አቅፎ ቆሟል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አንዷ ደንበኛዬ ቤት ስትቀይር ‹ውሰጂው ካልሆነም ጣይው› ብላ ሰጠችኝ። ለቢጎዲን ልክክ አለልኝ።»

«ፊልሙስ?»

«ሥሩ አለ። ምነው?»

ሙጫ ቢጎዲኖቹን አንድ በአንድ አነሳች። እርጥብ ናቸው! ከሥራቸው ጥቅሉ ፊልም ተኝቷል። ጫፉን ሳብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ትንሹ ጉማሬ፣ ከጥፍሯ ያነሰ፣ በሌሊት ልብሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ወዲያው ደግሞ ከደስታዋ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ። እሷ የስንቱን አቧራ ስትጠጣ፣ ይቺ ቁጭ ባለችበት! ያውም ቢጎዲን ሥር!

«ስጪኝ» አለች። ድምፅዋ ሳታስበው ሻከረ።

ጫጩት በመስታወቱ ውስጥ የእህቷን ፊት አየችና ገባት። የሚገባት ነገር ሁሉ የሚገባት በመስታወት ውስጥ ነው።

«ያ የጋሼ ፊልም ነው እንዴ? ያ የጠፋው?»

ሙጫ መዋሸት አልቻለችም። «ነው።»

«በቃ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምሰጣቸው።»

«አታውቂበትም፤ ትበጥሺዋለሽ።»

«እንግዲያው አንቺ ጠግኚልኝ። ግን የእኔ ነው፣ እትዬ። አንድ ነገር እንኳ በእኔ በኩል ይምጣላቸው።» ከዚያ እየሳቀች ስልኳን አነሳች። «ጋሼ! ቁጭ ብለዋል? ካልሆነ ቁጭ ይበሉ!»

ሙጫ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ፣ እህቷ ነገሩን ስትነግራቸው ከስልኩ ውስጥ የወጣውን ሳቅ ሰማች። ስንት እሑድ ሙሉ ስትለምነው የነበረው ሳቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ከጫጩት ሌላ ወሬ ጠፋ። አጎት ጠዋት ሲነሱ «ጫጩት መቼ ነው የምትመጣው?» ነው። ማታ «አየሽ የእሷን ዕድል?» ነው። ሙጫ ፊልሙን እያጸዳች፣ በእርጥበቱ የተጣበቀውን በቀስታ እያላቀቀች፣ የተቀደዱትን የጠርዝ ቀዳዳዎች እየጠገነች ስትደክም እሳቸው ከኋላዋ ቆመው «አይ ጫጩት! እንዲህ ያለ ነገር አገኘችልኝ» ይላሉ። እሑድ ለሚደረገው ትርኢት የታችኛዋን ጎረቤት ጋበዙ። መነጽር ሻጩንም ጠሩት። ይህ ሰው እንደ ሙጫ አሮጌ ካርቱን ሰብሳቢ ነው፤ ያችን ፊልም እሱም ሲፈልጋት ኖሯል። ዜናውን ሲሰማ ሙጫን «እንኳን ደስ አለሽ» እንኳ አላላትም። «ያቺ ፀጉር ሠሪ እህትሽ እንዴት ያለች ሰው ናት? አስተዋውቂኝ እንጂ!» ነው ያላት።

ሙጫ ጥርሷን ነክሳ ሳቀች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አጎት ተኝተዋል። ሙጫ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ላይ ፊልሙን እየመረመረች ወደ ትራሱ ክፍል ደረሰች። እንቁራሪቷ ትራሱ ውስጥ ትጮኻለች። ጉማሬው ትራሱን ይመታል፣ ጩኸቱ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሸሻል፤ ያሽከረክረዋል፣ ይቀመጥበታል፣ ያናግረዋል፤ በመጨረሻ የራሱን ራስ በትራሱ መደብደብ ይጀምራል። ፊልሙ ማለት ያ ነው። ሌላው ወደዚያ የሚያደርስ ደረጃ ነው። እዚያ ላይ ጠርዙ ጥቂት ተበልቶ ነበር። ሊጠገን የሚችል ነው፤ ከዚያ የባሰ ስንቱን ጠግናለች። ግን እጇ ቢላዋውን አነሳ። ለራሷ «የተበላውን ብቻ» አለች። የተበላውን አልፋ ሄደች። ትራሱ ከተነሳበት እስከ ላባው መበተን ድረስ ያለውን ሁሉ ቆርጣ አወጣችና ሁለቱን ጫፍ ገጥማ ቀጠለቻቸው። ስትቀጥል እንከን የላትም። የቆረጠችውን ጠቅልላ የሙጫ ብሩሾቿን በምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለአፍታ ያህል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቆርቆሮው የእሷ ይሁን፤ ሆዱ ግን እኔ ዘንድ ነው አለች በልቧ። ወዲያው አፏ መረራት፤ ግን መሳቢያውን አልከፈተችም።

እሑድ ደረሰ። ጫጩት ጫማዋን እያንኳኳች፣ ለአጎት አዲስ ሹራብ ይዛ ገባች። መነጽር ሻጩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። የታችኛዋ ጎረቤት ትራስ ደግፋ ተቀመጠች። ሙጫ መጋረጃውን ዘጋች፤ ማሽኑን አስነሳች። ቦታዋ እንደ ሁልጊዜው ከሰዎቹ ጀርባ ነበር።

ጉማሬው የቧንቧ መፍቻውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ገባ። ገና ባርኔጣውን ሳያወልቅ አጎት «ኧረ!» አሉ። ሳሙና አዳለጠው፤ ሳቁ። ቁም ሣጥኑ ላዩ ላይ ወደቀበት፤ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ጫጩት ፊልሙን አይደለም የምታየው፤ እሳቸውን ነው። በየሳቃቸው ክንዳቸውን ትይዛለች። ሙጫ ማሽኑ ጀርባ ሆና የተያዘውን ክንድ ታያለች።

ጉማሬው አልጋው ላይ ወጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ከትራሱ ውስጥ እንቁራሪቷ ጮኸች። ጉማሬው ቀና ብሎ ተመልካቹን አየ፤ ትራሱን ከፍ አድርጎ አነሳ፤ ወዲያው ደግሞ ከነአልጋው መንገድ መሃል፣ በላባ ተሸፍኖ፣ ማስነጠስ ላይ ነበር።

ለሳቅ የተከፈተው የጎረቤቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ተዘለለ እኮ!» አለ መነጽር ሻጩ። «ትራሱስ?»

«ተበልቶ ነበር» አለች ሙጫ። «ማዳን አልተቻለም።»

ጫጩት ዞር ብላ አየቻት።

«መብራቱን አብሪው» አሉ አጎት። ሙጫ ማሽኑን አቁማ አበራች። ፊታቸው ላይ ማዘን ትጠብቅ ነበር፤ እሱን ለማየት ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን የወንበሩን ክንድ ተመርኩዘው እየተነሱ ነው። «የትራሱን ክፍል አላያችሁትማ! ምን ዋጋ አለው እንግዲህ? ነይ አንቺ ጫጩት፣ እንቁራሪት ነሽ። ያንን ትራስ ከጎረቤታችን ተቀበዪልኝና ከኋላዬ ቁሚ።»

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን…»

«ጉማሬ ጉልበት አያመውም!»

ከዚያ የሆነውን መነጽር ሻጩ እስከ ዛሬ ያወራል። አጎት ትራሱን አንሶላው ፊት ይዘው ቆሙ። ጫጩት ከጀርባቸው አጎንብሳ ጮኸች። አጎት ቀና ብለው ሁሉንም በየተራ አዩ፤ ያችኑ «ምን ላድርግ እንግዲህ?» የምትለዋን ፊት አሳዩ። ትራሱን መቱት፤ ጩኸቱ ወደ ግራ ሄደ። ጥሩምባውንም ቫዮሊኑንም በአፋቸው እየተጫወቱ አሽከረከሩት፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ አሉት፣ ተቀመጡበት፤ ጩኸቱ ከሥራቸው ሲወጣ እንደተወጋ ሰው ብድግ አሉ። ጎረቤቷ ሆዷን ይዛ «ኧረ ይብቃዎት፣ ገደሉኝ!» ትላለች። መነጽር ሻጩ የራሱን መነጽር አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል። አሁን የሚያዩት ከፊልሙ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ሙጫ ቆርጣ የደበቀችው ነገር በእህቷና በአጎቷ መካከል ሕይወት ዘርቶ ቆሞ ነበር፤ እሷ የሌለችበት።

አጎት ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው እስትንፋሳቸውን ሰበሰቡ። «ጉማሬው ደከመው። አንቺ ትልቋ፣ ነይ ተኪኝ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ማሽን ክፍል አብረን አይደል ያየነው?» ትራሱን ዘረጉላት። ፈገግ እያሉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንደ ሁልጊዜው አላለፋትም፤ ቆየባት።

ሳትወድ በግድ ተቀበለች። ጫጩት ከትራሱ ጀርባ ሆና ጮኸች። ሙጫ መታች፤ ለስላሳ ምት።

ጫጩት ብቅ ብላ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ቆርጠሽዋል» አለቻት።

ሙጫ እንደገና መታች። ይኼኛው ለስላሳ አልነበረም። ጫጩት ከሶፋው ላይ ሌላ ትራስ አንስታ ጆሮዋ ሥር አሳረፈችባት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«የእኔን ፊልም!» አለች ጫጩት ጥርሷ ውስጥ፣ እየመታች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌዋለሁ!» ሙጫ መለሰችላት፣ ትከሻዋን እየመታች።

«አንቺ ውስጥ ስትገቢ እኔ በር ላይ!» ጫጩት ፊቷ ላይ አሳረፈችባት። «ሳቁን ከውጭ እየሰማሁ!» እንደገና ፊቷ ላይ።

«አንዴ መጥተሽ የምታስቂያቸው አንቺ ነሽ! በየቀኑ አለሁ፣ አያዩኝም!»

«በየቀኑማ ስላለሽ ነዋ!»

ጎረቤቷ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለል ላይ ሆናለች። መነጽር ሻጩ «በስመ አብ፣ እንዴት ቢለማመዱት ነው!» ይላል። የሙጫ ትራስ ተቀደደና የውስጡ ጥጥ በክፍሉ ውስጥ ተበተነ። ሁለቱም አቆሙ። ጥጥ በቅንድባቸው፣ ጥጥ በአፋቸው። የጫጩት ዓይን እንባ አቅርሯል፤ የሙጫም። ጫጩት አንድ ጊዜ አስነጠሳት። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ኋላም ሊስማሙበት አልቻሉም።

እንግዶቹ እያጨበጨቡ ወጡ። አጎት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እህትማማቾቹ ጥጡን መልቀም ጀመሩ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች ሙጫ፣ ቀና ሳትል።

«ፊልሙ ሲዘል ሁላችንም አንሶላውን አየን። ዞር ስል አንቺ የምታዪው እኔን ነበር።»

ሙጫ ሄዳ መሳቢያውን ከፈተችና ትንሿን ጥቅል እህቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት። ይቅርታ ለማለት አፏን ብትከፍት የወጣው ሌላ ነበር። «ቀናሁብሽ። አሁንም እየቀናሁ ነው። ያንን ሹራብ እንኳ እኔ ነበርኩ ልገዛላቸው ያሰብኩት።»

ጫጩት ጥቅሉን አገላብጣ አየችው። «እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ነው የምቀናብሽ። ጋሼ ቢደውሉልኝ ‹እህትሽ እንዲህ አለች፣ እህትሽ እንዲያ አደረገች› ነው።» ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ቀጥይው በይ።»

«አንቺ ቀጥይው። አሳይሻለሁ።»

ጫጩት የሙጫ ጠረጴዛ ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ሙጫ መብራቱን አቀረበችላት። «ቀዳዳውን ከመቀጠያው ጥርስ ጋር አጋጥሚ፣ አትጫኚው፣ እስትንፋስሽን ያዢ» አለቻት። ጫጩት ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ቢጎዲን በለመዱ ጣቶቿ ቀጠለች። ቅጥያው ጠማማ ሆነ፤ በግልጽ የሚታይ ጠማማ። ሙጫ ጣቷ አሳከካት። አንድ ደቂቃ ቢሰጧት አስተካክላው ትነሳለች።

«ጥሩ ነው?» አለች ጫጩት።

«ይይዛል» አለች ሙጫ፤ እጇንም ኪሷ ውስጥ ከተተች።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱ ብቻ ሆኑ። አጎት ወንበራቸውን ወደ ማሽኑ አስጠግተው ጫጩትን ጠሯት። ፊልሙን በየትኛው ጥርስ ላይ እንደምታሳልፍ፣ ከመብራቱ በላይና በታች ምን ያህል የላላ የፊልም ቀለበት እንደምትተውለት እያሳዩ፣ በልጅነቷ ያመለጣትን ትምህርት ያን ዕለት አስተማሯት። «በር ላይ ያስቀመጥኩሽ እንዳትቃጠይ ነበር» አሏት። «በሩ ረዘመብሽ መሰለኝ።» ጫጩት አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ሙጫ የምትቆምበት አጣች። የእሷ ቦታ ተይዟል። ከኋላ ያለው ጨዋታ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት የተጋጠመው ሹክሹክታ፣ ያንኑ የታወቀ ቅናት ጫረባት። ቀለበቱ አንሷል ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት። አልጮኸችም። ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ማሽኑ ከጀርባዋ ተነሳ። እንደፈራችው መጀመሪያ ተንገጫገጨ፣ ኋላ ራሱን አገኘ። ጉማሬው መፍቻውን እየጎተተ ገባ። ሙጫ እስከ ዛሬ ካርቱን ስታይ አንድ ጆሮዋ ማሽኑ ላይ ነበር፤ ፊልም በትንሽ መስኮት አጮልቃ፣ ወይም በሰው ራስ መካከል ነበር የምታየው። አሁን ግን ከፊቷ ማንም የለም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ መሆኑን፣ ሠዓሊው አልጋው ሥር ማንም የማያያቸውን ሁለት ትንንሽ ጫማዎች አስተካክሎ መሳሉን አየች። በጠማማው ቅጥያ ላይ ሥዕሉ ዘለል አለ፤ ከኋላዋ ጫጩት «ውይ!» ስትል አጎት ሲስቁ ሰማች። ጉማሬው ትራሱን አነሳና ቀና ብሎ በቀጥታ እሷን አያት።

ሙጫ ሳቀች፤ ከሆዷ፣ ብቻዋን፣ ማን ይሰማኛል ሳትል።